ሦስተኛው ጎተራ ሞልቷል

አዲስዓለም በየጠዋቱ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ስልክ ትደውላለች። የምትደውለው ከከተማው ዳር ለሚገኘው የኃይል ማከፋፈያ ተረኛ ነው።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ቀለመ ወርቅ? ዛሬስ ምን አለን?»

«ይመስገን። ኃይሉ አለ። ለነፋሱ ግን እኔ ዋስ አልሆንልሽም።»

«ታዲያ ማን ይሁነኝ?»

«ከተማውን እዚህ አፋፍ ላይ የቆረቆረውን ሰው ጠይቂ።»

ይስቃሉ፤ ስልኩ ይዘጋል። ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ከጥር ጀምሮ ነፋሱ ከቆላው ሽቅብ ሲመጣ ሽቦ ከሽቦ ያላትማል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። ለቤት ሰው ይህ ሻማ ፈልጎ ማብራት ነው። ለአዲስዓለም ግን የቀኑ ሥራ ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

የምትሠራበት ማቀነባበሪያ ከከተማው መውጫ ላይ ይገኛል። ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚመጣውን ገብስ ያበጥራል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በሶ አድርጎ ያሽጋል። የሰው እጅ እህሉን የሚነካው ከመኪና ሲራገፍና መጨረሻ ላይ ሲታሸግ ብቻ ነው። መካከሉን የሚመራው ብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች «አዛዡ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስሙን ያመጡት ከድግስ ቤት ነው። ድግስ ላይ ጓዳውን የሚይዘው አዛዥ ነው፤ ስንት ጋን ጠላ እንደቀረ፣ ወጡ ለማን መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ እሱ ነው። የማቀነባበሪያው አዛዥም እንዲሁ ነው። አምስቱ የብረት ጎተራዎች ምን ያህል ገብስ እንደያዙ ያውቃል፣ የመጣውን ኃይል ይለካል፣ ከዚያ የትኛው ሞተር መቼ እንደሚነሳ ይወስናል። ኃይል ሲያንስ ከባድ ከባዱን ያሳርፋል። ኃይል ሲመለስ አንድ በአንድ ያስነሳል። ገብስ ሲያወጣ ደግሞ ሁልጊዜ ይበልጥ ከሞላው ጎተራ ይጀምራል፤ ለሚመጣው ጭነት ቦታ እንዲለቀቅ።

«ከሰው አዛዥ የሚሻለው አይሰክርም፤ ለዘመዱም አያዳላም» ትላለች የማሸጊያ ክፍሏ ኃላፊ ገነት።

የአዛዡ ጠባቂ አዲስዓለም ናት። ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከስክሪኖቿ ፊት ተቀምጣ የሚያደርገውን ትከታተላለች፤ የማያውቀውን ትነግረዋለች፤ ሲሳሳት ታቆመዋለች።

የተወለደችው ወገዳ ነው። አባቷ በገበያው በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግተው ልብስ ይሰፉ ነበር። ልጅቷ ያደገችው ከገበሬው ጋር ነው ማለት ይቻላል፤ ግን የምታውቀው ገበሬ ገበያ የወጣውን ነው። ሱሪው የተቀደደ፣ ኮቱ የሰፋው፣ ልኩን ሲለኩት እጁን እንደ መስቀል ዘርግቶ የሚቆመውን። ማሳ ላይም አውድማ ላይም አታውቀውም። ደብረ ታቦር ኤሌክትሪክ ተምራ ተመለሰች። ከዚያ ሥራ አልነበረም። ሦስት ክረምት በአባቷ በረንዳ ላይ ቁልፍ ስትተክል፣ የሰው ዘር ሁሉ እያለፈ «ምነው፣ ተምረሽ አልነበር?» ሲላት ከረመች። ማቀነባበሪያው ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ወገዳ ላይ የተሳፈረችበት አይሱዙ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀበረ። ለፈተናው የደረሰችው ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደርቆባት ነበር። አለፈች። አሁን እናቷ ለጎረቤት ሲያወሩ «ልጄ ማሽን ታዛለች» ይላሉ። እሷ ታርማቸዋለች፤ «ማሽኑ ነው የሚያዘው እማ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ።» እናቷ ግን የሚያወሩትን አልቀየሩም።

ከወንበሯ በስተቀኝ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቀዩ ማቆሚያ አለ። መዳፍ የሚያህል ነው። ሲመቱት በግቢው ውስጥ ያለው ሞተር ሁሉ፣ ጄኔሬተሩም ጭምር፣ ባለበት ይቆማል። ይህ ለክፉ ቀን የተሠራ ነገር ነው፤ ዋጋም አለው። ገብሱ የሚቆላበት የመቁያው በርሜል እንደ ፍም በጋለበት ሰዓት መዞሩን ካቆመ ብረቱ ከራሱ ክብደት የተነሳ ይጎብጣል። ለዚህ ነው መብራት በሄደ ቁጥር ትንሿ ጄኔሬተር ራሷ ተነስታ በርሜሉን ብቻ የምታዞረው።

አዲስዓለም ቀዩን አንድ ጊዜ መታዋለች። ባለፈው ኅዳር ነው። በካሜራው ላይ አንድ ነጭ ነገር ከእህል ማንሻው ቀበቶ አጠገብ ሲወዛወዝ አየች። ሰው መሰላት፤ መታችው። ሮጠው ሲያዩ የዘበኛው ጋቢ ነበር፤ ታጥቦ ሊደርቅ የተሰጣ። በርሜሉ ጎበጠ። እሱን የሚያነሳ ክሬን ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሥራ ቆመ፤ ገብስ የጫኑ መኪኖች እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰለፉ። ከዚያ ወዲህ የማሸጊያ ሴቶች ሲያገኟት «ጋቢ አዳኟ» ይሏታል፤ «እኔም ነጠላዬን ነፋስ ወስዶብኛልና እባክሽ» ትላለች አንዷ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍሥሐ ግን አልሳቁም።

«ቀዩ የተሠራው ለሰው ነው፣ ለጋቢ አይደለም» አሏት። «ሁለተኛ ስትነኪው ሰው መሆኑን አረጋግጠሽ ይሁን። ካለዚያ ይህ ወንበር ለአንቺ አይሆንም።»

የተናገሩት ሳይቆጡ፣ በዝግታ ነበር። ለዚያም ነው ያልረሳችው።

ከጎተራዎቹ ሥር የሚሠሩት አያ ይስማው ናቸው። ከአርብ ገበያ ወዲያ ካለ መንደር የመጡ፣ ሽበት የጀመራቸው፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያረሱ ሲሆን መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ነው ወደ ከተማ የገቡት። ሥራቸው ጭነት ማራገፍ፣ የጎተራዎቹን መክፈቻ መጠበቅና ጎተራ ባዶ ሲሆን በሥሩ በር ገብቶ ወለሉን መጥረግ ነው። የቆየ እህል ጥግ ላይ ከቀረ ነቀዝ ያፈራልና። ወለሉ ላይ ረጅም ጠመዝማዛ ብረት ተጋድሟል፤ ሲዞር ገብሱን ወደ መውጫው ይገፋል። ስለዚህ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ከመግባቱ በፊት የዚያን ጎተራ ማብሪያ በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ነው የሚገባው። አያ ይስማው ጓጉንቸራቸውን በገመድ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። «ሁለተኛ ማተቤ» ይሉታል።

የዚያን ቀን ነፋሱ ከረፋዱ ጀምሮ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ የሦስተኛው ጎተራ ቁጥር ከስክሪኑ ጠፋ። ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው፤ ጣሪያው ሥር ያለውን መለኪያ አቧራ ሲሸፍነው ያይ የነበረው ዓይን ይታወራል። አዛዡ የማያውቀውን ጎተራ አይነካም። «የሦስተኛው መጠን ስንት ነው?» ብሎ ጽፎ ይጠብቃል። በርሜሉ በጋለበት ሰዓት ከክፍሉ መውጣት ክልክል ስለሆነ አዲስዓለም የመገናኛ ሬዲዮዋን አነሳች።

«አያ ይስማው፣ ይሰማሉ? ሦስተኛው እንዴት ነው?»

መክፈቻው ሲንኳኳ ይሰማል።

«ሞልቷል።»

«ሞልቷል አሉ?»

«ሞልቷል አልኩሽ እኮ። እንግዲህ እኔ ልግባ።»

«እሺ፣ ይበርቱ።»

ሞልቷል ሲሏት አልገረማትም። ትናንት አመሻሽ ላይ ከእስቴ የመጣው ጭነት ወደ ሦስተኛው የተራገፈ መስሏት ነበር። ሙሉ ብላ ጻፈች፤ አዛዡ ተቀበላት። «ልግባ» ማለታቸውን ከነፋሱ ሊሸሸጉ ወደ መጠለያው መግባታቸው ነው ብላ አለፈችው፤ እንዲያውም ብዙም አላሰበችበትም።

ወዲያው መብራት ሄደ።

ስክሪኖቿ ጨለሙ። የኮምፒውተሯ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል። አዛዡ ግን የራሱ ባትሪ አለው፤ ሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከታች ጄኔሬተሯ ተነሳች፤ በርሜሉ መዞሩን ቀጠለ። በነፋሱ መካከል የሚሰማው እሱ ብቻ ሆነ። አዲስዓለም ወደ ኋላዋ ደገፍ አለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራ ነገር የለም።

ገነት ደረጃውን እያማረረች ወጣች። ሥራ ሲቆም ወሬ ፍለጋ እዚህ መምጣት ልማዷ ነው።

«ጋቢ አዳኟ! እዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንቺን እጠብቃለሁ። አሁን ምን ጎደለሽ?»

«የሚጎድልማ በሶው ነው። መብራቱ ከመሄዱ በፊትም እኮ ቀጥኖ ነበር። ከሦስተኛው የሚወርደው እንደ ሕፃን ሽንት ጠብ ጠብ ይላል። ሌላውን ክፈችልን እንጂ።»

«ሦስተኛው ሙሉ ነው፤ ምናልባት ተወትፎ ይሆናል።»

«ማን ሞላው?»

«ትናንት የእስቴው ጭነት...»

«የእስቴው አራተኛው ላይ ነው የተራገፈው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አቧራውን የጠጣሁት እኔ።»

አዲስዓለም ቀና አለች። «አያ ይስማው አሁን በሬዲዮ ነገሩኝ እኮ። ሞልቷል አሉ።»

«ሞልቷል ብለው? እንዲሁ፣ ሞልቷል?»

«እንዲሁ። ሌላ እንዴት ይበሉ?»

ገነት እጇን አጨብጭባ ሳቀች። «አይ የልብስ ሰፊ ልጅ! እንግዲያው አልቋል ማለታቸው ነው። የባሌ እናት የዚያው አገር ሰው ናቸው። ጨው አለቀ፣ እህል አለቀ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ‹ሞላ› ነው የሚሉት። አለቀ ከተባለ በረከቱ ይሸሻል። አውድማ ላይማ ‹አለቀ› ያለውን በመንሽ ነው የሚያባርሩት። እኔ እንኳ የተጋባን ሰሞን ‹ዱቄቱ ሞልቷል› ሲሉኝ እሰይ ብዬ ተቀምጬ፣ ማታ ገንፎ ላገንፋ ብነሳ ዕቃው ጥርግ ብሎ...»

ንግግሯን አቋረጠች። አዲስዓለም አልሳቀችም ነበር። ፊቷ ልክ እንደ አቡጀዲ ነጥቷል።

ጎተራ ሲያልቅ አያ ይስማው የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። መጥረግ። «እንግዲህ እኔ ልግባ» ነበር ያሏት።

ሬዲዮውን አነሳች። «አያ ይስማው! አያ ይስማው፣ ይመልሱልኝ!» የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነው። የሥሩ በር ጠባብ ነው፤ ሬዲዮውን ከወገባቸው ፈትተው ውጭ ካላስቀመጡ አያልፉም። ይዘውት ቢገቡም የብረቱ ግድግዳ ድምፅ አያሳልፍም።

«ስልካቸው ላይ ደውዪ!» አለች ለገነት።

«ስልካቸው እኛ ዘንድ ነው። ቻርጅ ሰክተውት ሄደዋል።»

«ጓጉንቸሩን ቆልፈው ነው የሚገቡት። ሁልጊዜ ይቆልፋሉ። አይደል?»

መብራት በሄደ ጊዜ መቆለፍ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ሁለቱም ያውቃሉ። በዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ የማይል የለም።

አዲስዓለም ወደ መስኮቱ ሄደች። የጎተራዎቹ ጀርባ ይታያል፤ በሮቹ በወዲያኛው ፊት ናቸው። ሮጣ ለመድረስ ደረጃውን መውረድ፣ የመኪና ሚዛኑን መዞር፣ ግቢውን ማቋረጥ ያስፈልጋል። ብትሮጥ ትደርስ ይሆናል። አንድ እግሯን ወደ በሩ አንስታ ነበር፤ የጣሪያው አምፖል በራ።

መብራት መጣ።

ከግቢው ማዶ የማስጠንቀቂያው ጥሩምባ ጮኸ። ይህ ጥሩምባ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ ማንም አይቆጥርም፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ስክሪኖቿ በሩ፤ ግን አዛዡን የምታቆምበት ኮምፒውተር ገና ከእንቅልፉ እየነቃ ነው፤ መሃል ላይ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች። አዛዡ ግን አይጠብቃትም። እሱ አልተኛም ነበር። ምን ማድረግ እንዳለበት መብራቱ ከመሄዱ በፊት ነግራዋለች።

ቅደም ተከተሉን በልቧ ታውቀዋለች። ጥሩምባው ከጮኸ በኋላ ኃይሉ መጽናቱን ጥቂት ያያል። ከዚያ ማራገቢያው። ከዚያ የእህል ማንሻው። ከዚያ ይበልጥ የሞላው ጎተራ ወለል ላይ ያለው ጠመዝማዛ። ይበልጥ የሞላው ደግሞ ሦስተኛው ነው፤ እሷ ናት የጻፈችለት።

«ሩጪ!» አለቻት ገነትን፤ ወዲያው ክንዷን ያዘቻት። «ተይ፣ አትደርሺም።»

ማራገቢያው ተነሳ። ድምፁ እየወፈረ ሄደ።

«ካልገቡስ?» አለች ገነት። «መጠለያው ውስጥ ተኝተው ቢሆንስ? በርሜሉ እኮ ግሏል። በኅዳር የሆነውን አስቢ፣ አዲስዬ።»

አዲስዓለም ታስበው ነበር። የአባቷ በረንዳ ታያት፤ ቁልፍ የምትተክልበት ዝቅተኛ በርጩማ፣ «ምነው፣ ተምረሽ አልነበር?» የሚሉት አላፊዎች። አረጋግጠሽ ይሁን ተብላለች። አላረጋገጠችም። ያላት አንድ ቃል ነው፤ እሱንም የተረጎመችላት ገነት ናት፤ ገነት ደግሞ ስትቀልድና ስታወራ መለየት የሚያስቸግር ሰው ናት። ስክሪኗን አየች። ክቧ ነገር ትሽከረከራለች።

የእህል ማንሻው ተነሳ። ቀበቶው ጓ ጓ እያለ መምታት ጀመረ።

«ከገቡስ?» አለች።

ከጎተራዎቹ በኩል ሦስተኛው ድምፅ መጣ። ብረት በብረት ላይ ሲያቃስት የሚሰማ ዝቅተኛ ድምፅ። ባዶ ጎተራ ውስጥ ሲሆን ያስተጋባል። ሙሉ ቢሆን እንዲህ አይጮህም ነበር።

ቀዩን በሁለት እጇ መታችው።

ማቀነባበሪያው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ነፋሱ ብቻ ቀረ።

«በርሜሉን በእጅ አዙሩት!» ብላ ጮኸች፤ ገነት ግን ቀድማት ደረጃውን እየወረደች የሴቶቹን ስም በተራ ትጠራ ነበር። አዲስዓለም ተከትላት ወጣች። ሚዛኑን ስትዞር ጫማዋ አንዱ ወለቀ፤ አልተመለሰችለትም። ሦስተኛው ጎተራ ፊት ስትደርስ ሬዲዮው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የሥሩ በር ክፍት ነው። ማብሪያው ላይ ጓጉንቸር የለም።

በደረቷ ተስባ ወደ ውስጥ ሾለከች። ውስጡ ጨለማ ነው፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም።

«አያ ይስማው!»

አቧራውን በእጇ እየገፋች ተነስታ ቆመች።

«አያ ይስማው! አሉ?»

«የምን ጩኸት ነው?» አለ ከወዲያኛው ግድግዳ በኩል አንድ ድምፅ። «አለሁ። ማነው ይህን ነገር ያስነሳው?»

የስልኳን መብራት አበራች። አያ ይስማው ጀርባቸውን ከብረቱ ግድግዳ ጋር አጣብቀው ቆመዋል፤ ከፀጉራቸው እስከ እግራቸው ነጭ ሆነዋል። ከፊታቸው ጠመዝማዛው ቆሟል። የመጥረጊያው እንጨት በጥርሶቹ መካከል ገብቶ፣ ተጠምዝዞ፣ ተሰብሯል። ከተሰበረው ጫፍ እስከ ጉልበታቸው ያለው ርቀት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም።

ክንዳቸውን ይዛ ወደ በሩ መራቻቸው፤ ቀድማ ወጥታ ጎተተቻቸው። ውጭ ሲወጡ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ስታያቸው የከተማ ልጅነቷ ሁሉ ጠፍቶ እሷም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሞልቷል አላሉኝም?» አለቻቸው።

«ብያለሁ! ሞላ ብዬ ነው እኮ ልጠርግ የገባሁ።»

«ሞላ ማለት እኮ... እኔ ሙሉ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ አያ ይስማው። ሙሉ! ለዚህ ነው ከእርስዎ ጎተራ የጀመረው።»

ሽማግሌው ፊታቸው ላይ ያለውን አቧራ በክንዳቸው ጠረጉ።

«ታዲያ ምን እንድል ኖሯል?»

«ባዶ ነው ይበሉኝ። አልቋል ይበሉኝ።»

«ለእህል?» አሉ በቁጣ። «ከሞት አፋፍ አውጥተሽኝ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ታወጪያለሽ?»

«ጓጉንቸሩስ?»

አንገታቸውን ዳሰሱ። ጓጉንቸሩ በገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«መብራት የለም ብዬ» አሉ።

ከመቁያው ቤት ጢስ ይወጣ ነበር። ገነትና ሴቶቹ የእጅ ማዞሪያውን ይዘው በተራ በተራ ይገፋሉ፤ ሁለቱ ነጠላቸውን እጃቸው ላይ ጠምጥመዋል። «በይ ግፊ! የሠርግሽ ዕለት እንዲህ ብትጨፍሪ ባልሽ ባልሸሸ!» ትላለች ገነት፤ ማንም አይስቅም። በርሜሉ ጥቂት ዞረ። ከዚያ አንዱን ጎኑን ወደ ታች ጥሎ ከማቀፊያው ጋር ተፋተገ፤ ጮኸ፤ ቆመ። ውስጡ የነበረው ገብስ ከሰለ።

አቶ ፍሥሐ ከከተማው ስብሰባ በባጃጅ ደረሱ። ሚዛኑ አጠገብ የወለቀውን ጫማ አይተው አነሱት፤ ለአዲስዓለም ሰጧት፤ ከዚያ ነበር የተናገሩት።

«ሰው ነበረ?»

«ነበረ።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መቁያው ገቡ። ሲመለሱ እጃቸው ጥላሸት ነበር። ሁሉንም በየተራ ጠየቁ። አያ ይስማው ያለ ጓጉንቸር መግባታቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ፤ አዲስዓለም ሳታይ ሙሉ ብላ መጻፏን ተናገረች። የቃሉ ነገር ሲነገራቸው አቶ ፍሥሐ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ እሳቸው የደብረ ታቦር ሰው ናቸው። ሁለተኛ ሲነገራቸው ግንባራቸውን ያዙ።

«መለኪያው ነገም ከነገ ወዲያም ይታወራል» አሉ። «እንግዲህ እርስዎ ባዶ አይሉ፤ እሷ ሞላ ሲባል አይገባት። በቁጥር ይንገሯት።»

«ስንት ብዬ?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ ማለት ያው አይደለም?»

«አያ ይስማው!»

«እኔ ላስቸግር ብዬ አይደለም፣ ጌታዬ። አፌ አይልልኝም።»

መጨረሻ ላይ መላ ያመጡት ራሳቸው አያ ይስማው ናቸው፤ የተሰበረውን የመጥረጊያ እንጨት አንስተው የጎተራውን ብረት መቱት። ጎተራው እንደ ደወል ጮኸ። ወደ አራተኛው ሄደው መቱ፤ ድምፁ ድፍን ሆኖ ወዲያው ሞተ።

«ሬዲዮውን አስጠግቼ እመታላታለሁ። ጆሮ አላት። እኔም ያልሆነ ነገር አላወራም።»

አዲስዓለም አንድ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል አቋረጠችው። አቶ ፍሥሐ ግን ወደ እሷ ዞሩ።

«መምታትሽ ትክክል ነው» አሏት። «አስቀድሞ ግን ያላየሽውን ጎተራ ሙሉ ብለሽ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። ይህንን ለድርጅቱ ቦርድ ሳልናገር አላልፍም።»

«አውቃለሁ።»

«በርሜሉ እስኪጠገን ፎቅ ላይ የሚሠራ ነገር የለም። ጎተራ ሥር ትሠሪያለሽ፤ ከእሳቸው ጋር። ከዚያ በኋላ ያለውን ቦርዱ ይወስናል።»

አያ ይስማው ልብሳቸውን ያራግፉ ነበር። «እንግዲያው ጓጉንቸር ግዙላት» አሉ። «የእኔን አላጋራትም።»

ነፋሱ ወደ ማታ በረደ። ገነትና ሴቶቹ የከሰለውን ገብስ በአካፋ አውጥተው ከግቢው ኋላ ደፉት። ክሬኑ ሰኞ ጠዋት ከባሕር ዳር ይነሳል፤ ከስማዳ ሁለት ጭነት ገብስ ደግሞ ማክሰኞ ይገባል፤ እሱን ወደ ሦስተኛው ጎተራ የሚያራግፉት አያ ይስማውና አዲስዓለም ናቸው።